ከጋራዡ ግድግዳ እስከ ጎረቤት ዛፍ፦ የአናጺ ጉንዳን የጉዳይ ጥናት

ይህን ለምን መዘገብኩት

የቤት ጥገና እሠራለሁ። እንጨት የሚቦረቡር ጉንዳን ደጋግሞ ገጥሞኛል። አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ ቀላል ነው፤ የበሰበሰች አንዲት ጣውላ ትነሳለች፣ ጉንዳኑም አብሮ ይሄዳል። ይህኛው ግን ወራት ፈጀ። በሌላ ቤት አንድ አንድ እያልኩ የማያቸው ስህተቶች እዚህ ተሰብስበው አገኘኋቸው። አንዱ ስህተት የእኔ ነበር። የችግሩ ምንጭም ከጋራዡ 12 ሜትር ያህል ርቆ፣ ከአጥር ማዶ ተገኘ።

የሰዎቹን ማንነት ትቻለሁ። ባለቤቱ ጡረታ የወጡ አባት ናቸው፤ እኔ ጋሼ እላቸዋለሁ። ሥራውን አብሮኝ የሠራው የወንድማቸው ልጅ ነው። ከታች ያሉት ልኬቶችና ቆጠራዎች ያኔ በደብተር የያዝኳቸው ናቸው።

ጋራዡ ምን ይመስል ነበር

ስፋቱ 4 በ6 ሜትር ነው። ከዋናው ቤት ተነጥሎ ጓሮ ላይ ቆሟል። ቋሚውም ወራጁም እንጨት ነው። ውጩ በጣውላ፣ ውስጡ በችፑድ ተለብጧል። በሁለቱ መሃል ነጭ ፎም አለ። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ በኋላ በኩል አሸንዳ አለው። መኪናው የሚይዘው ግማሹን ብቻ ነው። ቀሪው የመሣሪያ መደርደሪያና የቆየ ዕቃ ማስቀመጫ ነው።

ስደርስ መጀመሪያ ዓይኔ ያረፈው የኋለኛው ግድግዳ ላይ ነው። የማገዶ ክምር ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። አፈሩ በዓመታት ከፍ ከፍ ብሎ የታችኛውን ጣውላ ሸፍኖታል። አሸንዳው በቅጠል ተሞልቶ አረም አብቅሏል። ከአጥሩ ማዶ የጎረቤት ትልቅ ዛፍ አለ፤ አንድ ቅርንጫፉ አጥሩን ተሻግሮ ቆርቆሮው ላይ ተኝቷል። አንድም ጉንዳን ሳላይ እነዚህ አራት ነገሮች ብዙ ነገሩኝ።

ችግሩ እንዴት ታየ

ጋሼ መጀመሪያ ያዩት ሰጋቱራ ነው። በኋለኛው መስኮት ሥር ባለው መደርደሪያ ላይ አንድ እፍኝ የሚሆን ተከምሮ አገኙ። ጠረጉት። በሁለተኛው ቀን ተመልሶ መጣ። «ምስጥ ገባብኝ» ብለው ደመደሙ። ቋሚዎቹን የተቃጠለ የሞተር ዘይት ቀቧቸው። ሰጋቱራው አልቆመም። ዘይቱ ግን በኋላ እንጨቱን መርምረን ለመጠገን ስንነሳ ትልቅ ጣጣ ሆነብን። ወደ አፈሩ የወረደውም የሚጎዳ ነገር ነው፤ ማንም ሰው ባያደርገው እመርጣለሁ።

ከዚያ ትልልቅ ጥቁር ጉንዳኖች ማታ ማታ በግድግዳው ሲሄዱ አዩ። ስፕሬይ ገዙ። ሲረጩ የታዩት በሙሉ ይሞታሉ፤ ለአንድ ሳምንት ያህል ሰላም ይሆናል። ከዚያ በሌላ ግድግዳ ብቅ ይላሉ። ይህ ሁለት ወር ቀጠለ።

በመጨረሻ አንድ ምሽት ከመስኮቱ መቃን ሥር ክንፍ ያላቸው ጉንዳኖች ፈሉ። 20 ያህሉን በጠርሙስ ሰበሰቡና ደወሉልኝ። ደግ አደረጉ። ክንፍ ያለው ጉንዳን አንዱ በተከፈተ በር ሊገባ ይችላል። ከግድግዳ ውስጥ ተከታትሎ ሲወጣ ግን ትርጉሙ ሌላ ነው። አንድ መንጋ ክንፍ ያላቸውን ማሳደግ የሚጀምረው አብዛኛውን ጊዜ ከተመሠረተ 3 ዓመትና ከዚያ በላይ ሲሆነው ነው። ስለዚህ ጉንዳኖቹ የዚያ ሰሞን እንግዶች አልነበሩም።

ማን እንደሆነ መለየት

በጠርሙሱ ያሉትን በአጉሊ መነጽር አየናቸው። ወገባቸው ቀጭን ነው። አንቴናቸው እንደ ክርን ታጥፏል። የፊት ክንፋቸው ከኋላው ይረዝማል። ምስጥ ቢሆን ወገቡ ወፍራም፣ አንቴናው ቀጥ ያለ፣ አራቱ ክንፎቹም እኩል ይሆኑ ነበር። ይህን ለመለየት ባለሙያ መሆን አያስፈልግም።

ክንፍ የሌላቸውንም ከግድግዳው ያዝን። ትንሹ 6 ሚሊ ሜትር፣ ትልቁ 12 ሚሊ ሜትር ሆነ። ይህ ልዩነት ያው መንጋ ውስጥ የሚጠበቅ ነው። ጀርባቸው ከጎን ሲታይ ያለ ጉብታ እንደ ቀስት ጎበጥ ብሏል። እኛ በሥራ ላይ አናጺ ጉንዳን እንላቸዋለን፤ እንጨቱን እንደ አናጺ ስለሚፍቁት። የሳይንስ መጠሪያቸው ካምፖኖተስ ነው። ከ1000 የሚበልጡ ዝርያዎች አሏቸው። አይናደፉም፤ ግን ይነክሳሉ፣ ንክሻው ላይም የሚያቃጥል አሲድ ይረጫሉ።

ሰጋቱራውም ራሱ ምስክር ነው። በነጭ ወረቀት ላይ በተንነው። ሻካራ የእንጨት ፍቅፋቂ፣ የነፍሳት እግርና ጭንቅላት፣ የነጭ ፎም ፍርፋሪ ተደባልቆበታል። ፎሙ ትልቅ ፍንጭ ነበር። ጉንዳኑ ከችፑዱ ጀርባ፣ ከፎሙ ውስጥም ቤት መሥራቱን ነገረን።

እዚህ ላይ ጋሼ የጠየቁኝን ጥያቄ ብዙ ሰው ይጠይቃል። «እንጨት ካልበላ ለምን ይቦረቡራል?» አናጺ ጉንዳን እንጨት አይበላም። ለመኖሪያ ነው የሚፍቀው። ፍቅፋቂውን እየጎተተ ወደ ውጭ ይጥላል፤ ሰጋቱራው የሚከመረውም ለዚህ ነው። ምግቡ የሞቱና በሕይወት ያሉ ነፍሳት፣ ክሽክሽ የሚባሉት የቅጠል ተባዮች የሚያወጡት ጣፋጭ ፈሳሽ፣ እንዲሁም ያገኘው ስኳር ነው። ለመቦርቦር ደግሞ እርጥብና የላላ እንጨት ይቀለዋል። ደረቅና ጤነኛ እንጨት ውስጥ ሊዘልቅ ይችላል፤ የሚጀምረው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከበሰበሰው ነው።

ግድግዳውን ማዳመጥ

በካቻቢቴ እጀታ ቋሚዎቹን አንድ በአንድ አንኳኳኋቸው። ጤነኛው ድፍን ድምፅ ይሰጣል። በመስኮቱ ግራ ያለው ቋሚ ከታች ግማሽ ሜትሩ ባዶ ቆርቆሮ ይመስል ነበር። ብርጭቆ ግድግዳው ላይ ደፍቼ ጆሮዬን አስጠጋሁ። ወረቀት ሲጨማደድ የሚሰማው ዓይነት ስስ ኮሽታ አለ። ስናንኳኳ ኮሽታው ይጨምራል። የወንድማቸው ልጅ ሲሰማው ፊቱ ተለዋወጠ።

ከዚያ በእርጥበት መለኪያ ዞርኩ። የፊት ግድግዳ 12 በመቶ፣ የጎኑ 13 በመቶ። ኋላ፣ ከአሸንዳው መገጣጠሚያ ሥር 26 በመቶ። የመስኮቱ ራስጌ እንጨት 24 በመቶ። ሰጋቱራው የወደቀበትና ውሃው የገባበት ቦታ አንድ ሆነ። ጣሪያው ላይ ስንወጣ አሸንዳው ሞልቶ ወደ ውስጥ እንደሚፈስ አየን። አንድ የቆርቆሮ ምስማርም ላልቶ ቀዳዳው ተከፍቷል።

ሁለት ምሽት ከጉንዳኖቹ ጋር

ከሥራው ሁሉ ወሳኙ ይህ ነበር፤ ሰው የሚዘለውም ይህንኑ ነው። አናጺ ጉንዳን የሚሠማራው በብዛት ጀንበር ስትጠልቅ ነው። ቀን ቀን የምናየው ጥቂቱን ነው። ስለዚህ ከምሽቱ 1 ሰዓት ጀምሮ እስከ 5 ሰዓት ድረስ ተቀመጥን። የእጅ ባትሪውን በቀይ ፕላስቲክ ሸፈንነው፤ ጉንዳን ቀይ ብርሃን እምብዛም አያይም። በካርቶን ላይ አንድ ጠብታ ማርና ትንሽ የታሸገ ዓሣ አስቀመጥን።

የመጀመሪያው ምሽት አሳሳተን። ብዙዎቹ በማገዶው ክምር ውስጥ ገብተው ሲሰወሩ አየን። ቤታቸው እዚያ መሰለን። በነጋታው ክምሩን ሙሉ ቀን አንድ በአንድ አነሳነው። አንድ እጭ እንኳ የለም። ጉንዳኖቹ ክምሩን መተላለፊያ አድርገውት ኖሯል። ድካሙ ሙሉ በሙሉ አልባከነም፤ ማገዶው መነሳት ነበረበት። መንገዱን እስከ መጨረሻው ሳንከተል ግን መደምደም አልነበረብንም።

በሁለተኛው ምሽት ታገስን። ማሩን ጠጥታ ሆዷ የተነፋ አንዲት ጉንዳን መረጥንና ተከተልናት። ከካርቶኑ ወጣች፣ በግድግዳው ጥግ ወደ ጣሪያ ወጣች፣ ቅርንጫፉን ተሳፈረች፣ አጥሩን ተሻገረች። ሌላ ተከተልን፤ ያው መንገድ። ጎረቤትን አስፈቅደን ገባን። ዛፉ ላይ ሰው ቁመት በሚሆን ከፍታ የድሮ ቅርንጫፍ ተገንጥሎ የቀረ ቀዳዳ አለ። ጉንዳኖቹ በዚያ እየገቡ ይወጡ ነበር። ከቀዳዳው ሥር የሰጋቱራ ክምር አለ።

ከዚህ በኋላ ነገሩ ተገጣጠመ። አናጺ ጉንዳን ዋና ጎጆና ቅርንጫፍ ጎጆዎች ሊኖሩት ይችላል። ንግሥቲቱ፣ እንቁላሉና ትንንሾቹ እጮች እርጥበት ስለሚፈልጉ ዋናው ጎጆ ውስጥ ይቆያሉ። ሠራተኞቹ፣ ያደጉት እጮችና በነጭ ከረጢት ተጠቅልለው ወደ ጉንዳን የሚለወጡት ደግሞ ሞቅ ያለና ደረቅ ያለ ቅርንጫፍ ጎጆ ይበቃቸዋል። የጋሼ ጋራዥ ቅርንጫፍ ጎጆ ነበር። ሁለት ወር ሙሉ ስፕሬይ የተረጨው ንግሥት በሌለችበት ቤት ላይ ነው። ከዛፉ በየሌሊቱ ምትክ ይላካል።

መንገዱን ካወቅን በኋላ አንድ ልማድ ጀመርን። ቆርቆሮው ጠርዝ ላይ አንድ ምስማር መረጥን። ማታ 3 ሰዓት ላይ ለ5 ደቂቃ በዚያ የሚያልፉትን እንቆጥራለን። በመጀመሪያው ምሽት 64 ሆኑ።

ማባበያው፣ የእኔ ስህተትና የተቆረጠው ቅርንጫፍ

ጉንዳን ያገኘውን ፈሳሽ ምግብ በሆዱ ይዞ ይገባና በአፉ ለሌላው ያካፍላል። ሠራተኛው ለሠራተኛው፣ ለእጩ፣ ለንግሥቲቱ። ቀስ ብሎ የሚገድል መርዝ በዚህ መንገድ እኛ ልንደርስበት የማንችለው ቦታ ይደርሳል። ሐሳቡ ይህ ነው።

ቦሪክ አሲድ በስኳር ውሃ አዘጋጀሁ። መጀመሪያ ግን አበዛሁት። «ጠንከር ቢል ቶሎ ይጨርሳል» የሚል ሐሳብ አሸነፈኝ። ጠዋት ስንመጣ ማባበያው አጠገብ ከ30 በላይ ጉንዳኖች ሞተዋል። ጋሼ ደስ አላቸው። እኔ ደነገጥኩ። እዚያው የሞተ ጉንዳን ወደ ጎጆው ያደረሰው ነገር የለም። በማግስቱ ሌሎቹ ማባበያውን ዞረውት ማለፍ ጀመሩ።

እንደገና ለካሁ። ግማሽ ሊትር ለብ ያለ ውሃ፣ 50 ግራም ስኳር፣ 5 ግራም ቦሪክ አሲድ። ይህ 1 በመቶ ያህል ነው። ጥጥ አስነክረን ክዳን ባለው ፕላስቲክ ውስጥ አደረግን፤ ጎኑን በጋለ ምስማር በሳነው። ዕቃው ላይ «መርዝ» ብለን በትልቁ ጻፍን፣ ልጅና ውሻ በማይደርስበት ጣሪያው ጠርዝ ላይ አሰርነው። በየሁለት ቀኑ ቀየርነው፤ የደረቀ ወይም የኮመጠጠ ማባበያ አይነኩም። በግራም መመዘን የማይመቸው ሰው ተዘጋጅቶ የሚሸጠውን ገዝቶ መመሪያውን ቢከተል ይሻለዋል።

ማባበያ ከማስቀመጣችን በፊት ስፕሬይ የተነፋበትን ቦታ ሁሉ በሳሙና ውሃ አጠብን። ብዙዎቹ ስፕሬዮች ጉንዳን ያባርራሉ። የሚያባርር መርዝና የሚጋብዝ ምግብ አንድ ቦታ ላይ አይሠሩም። ጋሼም ከዚያ ቀን ጀምሮ እንደማይረጩ ቃል ገቡልኝ፤ ጠበቁትም። ጉንዳን በፊታቸው ሲመላለስ እያዩ እጃቸውን መሰብሰብ ከባዱ ፈተና እንደነበር ነግረውኛል።

በአምስተኛው ቀን ሌላ ነገር ተፈጠረ። የወንድማቸው ልጅ ሊያግዘን ብሎ ቆርቆሮውን የሚነካውን ቅርንጫፍ ቆረጠው። በማንኛውም የጉንዳን መመሪያ ላይ ቅርንጫፍ ቁረጡ ይላል፤ ልክም ነው። ጊዜው ግን አልደረሰም። ቅርንጫፉ መርዙ ወደ ዛፉ የሚሻገርበት ድልድይ ነበር። ያን ምሽት ቆጠራው 3 ሆነ። ቀለል ያለ ይመስላል። ማባበያው ግን አልተነካም። ጋራዡ ውስጥ የቀሩት ተቆልፎባቸው በግድግዳው ይንከራተቱ ነበር። አዲስ መንገድ በአጥሩ ሽቦ ላይ እስኪያወጡ አራት ቀን ፈጀባቸው። ማባበያውን ወደዚያ አዛወርነውና ቆጠራውን እዚያ ቀጠልን። ልጁን አልወቀስኩትም። ቀድሜ ማስረዳት የነበረብኝ እኔ ነኝ።

ከዚያ በኋላ በአጥሩ ላይ የቆጠርነው እንዲህ ነው። መንገዱ እንደተከፈተ 58። ከሳምንት በኋላ 41። በሁለተኛው ሳምንት ማብቂያ 37፤ እዚህ ላይ ተስፋ ልንቆርጥ ነበር። ጣፋጩን ትተው የታሸገውን ዓሣ ማንሳት ጀምረው ነበር። እጭ የሚመግብ መንጋ ፕሮቲን የሚፈልግበት ጊዜ አለ። ፕሮቲን ያለበት ተዘጋጅቶ የሚሸጥ ማባበያ ከስኳሩ ጎን አደረግን። በሦስተኛው ሳምንት 16፣ በአራተኛው 9።

9 ላይ ቆመ። ለ10 ቀን ያህል ከ7 እስከ 10 ሲዋልል ቆየ። ማባበያ ብቻውን እንደማይጨርሰው ያኔ ተቀበልን። ትልቅ መንጋ ሺዎች ሠራተኞች አሉት፤ ዛፉ ላይም ክሽክሹ የሚሰጣቸው ሌላ ምግብ ሞልቷል።

ግድግዳውን መክፈት

መጀመሪያ መብራቱን ከዋናው ማጥፊያ ዘጋን። ችፑድ ጀርባ ሽቦ የት እንዳለ ማንም አያውቅም። ከዚያ በመስኮቱ ዙሪያ ያለውን ችፑድ ፈታን።

ያየነውን እስካሁን አልረሳውም። የቋሚው ውስጥ እንደ መጽሐፍ ገጽ ተነባብሯል። ጉንዳኑ በእንጨቱ የዓመት ቀለበቶች መሃል ያለውን ለስላሳውን ክፍል ፍቆ፣ ጠንካራውን እንደ ግድግዳ ትቶታል። ዋሻዎቹ በሸካራ ወረቀት የተወለወሉ ይመስላሉ፤ አፈር የለም፣ ጭቃ የለም። ምስጥ ቢሆን በጭቃ የተለሰነ እናይ ነበር። ፎሙም በየአቅጣጫው ተሰርስሯል።

ጥቂት መቶ ጉንዳኖች፣ ያደጉ እጮችና ነጭ ከረጢቶች ነበሩ። እንቁላልም ንግሥትም አላገኘንም። ቅርንጫፍ ጎጆ መሆኑን ይህ አረጋገጠልን። በቫኪዩም ጠራረግናቸው፤ የቫኪዩሙን ከረጢት አስረን አሽገን ጣልነው። ባዶው ክፍተት ውስጥ የቦሪክ አሲድ ዱቄት በስሱ ነፋን። በስሱ የምለው ምክንያት አለው። ዱቄት ሲከመር ጉንዳን ዞሮት ያልፋል፤ የሚያጠፋው እግሩ ላይ የሚጣበቀው ስስ ብናኝ ነው። ጓንት፣ መነጽርና የአፍ መሸፈኛ አድርገን ነው የሠራነው።

ዛፉ

የዛፉ ባለቤት መጀመሪያ «ይቆረጥ» አሉ። አልተስማማሁም። ጉንዳኑ ዛፉን አላበሰበሰውም። ዛፉ ቅርንጫፍ ሲገነጠልበት ውስጡ በስብሶ ኖሯል፤ ጉንዳኑ የተዘጋጀ ቤት አገኘ። አናጺ ጉንዳን በጫካ ውስጥ የሞተ እንጨት እየፈረፈረ ወደ አፈር የሚመልስ፣ ተባይ የሚለቅም ፍጡር ነው። ጥላ የሚሰጥ ዛፍ በእሱ ሰበብ መጥፋት የለበትም። ዛፉ እንዲቆይ ከተፈለገ ደግሞ ይወድቅ እንደሆነ የዛፍ ባለሙያ ይየው ብዬ ነበር። ባለሙያው አይተው «ይቆማል» አሉ።

ቀዳዳው ውስጥ መርዝ ማስገባቱን እኔ አልሞከርኩትም። ፈቃድ ያለው የተባይ ማጥፊያ ባለሙያ ተጠራ። የማያባርርና ቀስ ብሎ የሚሠራ፣ ለዚህ ቦታ የተፈቀደ መርዝ በቀዳዳው አስገባ። ቦታውን ያሳየነው እኛ ነን፤ ሥራው ከአንድ ሰዓት ያነሰ ወሰደበት። ሁለት ምሽት ያልተቀመጠ ሰው ቢሆን ባለሙያውን ጠርቶ ጋራዡን ብቻ ያስረጭ ነበር።

ከሳምንት በኋላ ቆጠራው 2 ሆነ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ዜሮ። ለተከታታይ ሦስት ሳምንት ዜሮ ሲሆን ነው ወደ እንጨቱ የተመለስነው።

ውሃውንና እንጨቱን ማስተካከል

አሸንዳውን ማጽዳትና የቆርቆሮውን ቀዳዳ መድፈን የተሠራው ገና በመጀመሪያው ሳምንት ነው። ይህ መጠበቅ አልነበረበትም። አሸንዳውን አጸዳን፣ ቁልቁለቱን አስተካከልን፣ መውረጃውን ከግድግዳው አራቅነው። አፈሩን ቆፍረን ከታችኛው ጣውላ 20 ሴንቲ ሜትር ዝቅ አደረግነው።

የእንጨት ቅያሪው መጨረሻ የመጣው ሆን ተብሎ ነው። ጉንዳን ሳይጠፋ አዲስ እንጨት መትከል አዲስ ቤት መስጠት ነው። በካቻቢቴ ጫፍ እየወጋን ጤነኛው የሚጀምርበትን አገኘን። የቋሚውን የታች 60 ሴንቲ ሜትር ቆርጠን በመድኃኒት በታከመ እንጨት ተካን፤ እግሩን በብረት ጫማ ላይ አቆምነው። ከመቁረጣችን በፊት ወራጁን በጊዜያዊ ድጋፍ ደገፍን። የመስኮቱን ራስጌ ሙሉ በሙሉ ቀየርን። የተቦረቦረ ግን ደረቅና ጠንካራ የሆነ አንድ ቋሚ ነበር፤ እሱን አልጣልነውም፣ ጎኑን በሌላ እንጨት አጠናከርነው።

የተቃጠለው ዘይት የተቀባበት ቦታ ግን አስቸገረን። ያልተቀባ እንጨት ላይ ቦሬት የተባለ የእንጨት መከላከያ ቀብተን ነበር፤ ጥሩ አድርጎ መጠጠው። ዘይት የጠጣው አልጠጣ አለ። ያን ክፍል ፍቀን ነው ያሸነፍነው።

ችፑዱን ወዲያው አልመለስንም። ግድግዳው ለ5 ሳምንት ተከፍቶ ቆየ። 26 በመቶ የነበረው 14 ሲሆን ዘጋነው።

ሌላ ሰው ሊወስደው የሚችለው

ሰጋቱራ ካያችሁ ዝም ብላችሁ ጠርጋችሁ አትርሱት። መጀመሪያ በወረቀት ላይ በትኑት፤ ከዚያ ጥረጉና ቀኑን ጻፉ። በስንት ቀን እንደሚመለስ ማወቅ ጎጆው ሕያው ነው ወይስ የድሮ ነው የሚለውን ይመልሳል። የድሮ ዋሻ ላይ መርዝ ያፈሰሰ ሰው አውቃለሁ።

በስፕሬይ አትጀምሩ። እኔ ስፕሬይ የምቃወመው በሌላ ምክንያት ሳይሆን መረጃ ስለሚያጠፋ ነው። ጉንዳኖቹ መንገዳቸውን ይቀይራሉ፤ እናንተ መንገዱን ታጣላችሁ። መንገዱ ደግሞ ወደ ጎጆው የሚያደርስ ብቸኛው መሪያችሁ ነው። ቅርንጫፍ መቁረጥም፣ ስንጥቅ በሲሊኮን መድፈንም በዚሁ ምክንያት ከማባበያው በኋላ ይሁን። ውሃ ማቆም ብቻ ዛሬውኑ ይጀመር።

ቁጠሩ። ይህን ከሁሉ አብልጬ እለምናለሁ። 5 ደቂቃ፣ አንድ ምስማር፣ ሁልጊዜ ያው ሰዓት። ቆጠራው ባይኖር ኖሮ ቅርንጫፉ የተቆረጠ ቀን «አለቀ» ብለን እንሄድ ነበር። 9 ላይ ሲቆምም ማባበያው ላይ ሌላ ሁለት ወር እንጨምር ነበር።

ዋና ጎጆው ከግቢያችሁ ውጭ ሊሆን እንደሚችልም ከመጀመሪያው አስቡ። አናጺ ጉንዳን ምግብ ፍለጋ 90 ሜትር ያህል ሊርቅ ይችላል። ከጎረቤት ጋር ቀድሞ መነጋገር ከማንኛውም መሣሪያ በላይ ሥራውን ያቀልላል። እኛ ማታ በባትሪ አጥር ሥር ስንንበረከክ ያዩን ሰዎች ቀድመው ባያውቁ ኖሮ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዝ ነበር።

ራሳችሁ ልትሠሩት የማይገባም አለ። ጣሪያ የተሸከመ ቋሚ ከተነካ፣ ሽቦ ባለበት ግድግዳ መሰርሰር ካስፈለገ፣ ወይም መርዙ የሚገባው ዛፍ ወይም የውሃ ጉድጓድ አጠገብ ከሆነ የሚያውቅ ሰው ይጠራ።

ከዓመት በኋላ

በ14ኛው ወር ተመልሼ ሄድኩ። የኋለኛው ግድግዳ 13 በመቶ ነው። መደርደሪያው ላይ ሰጋቱራ የለም። ማገዶው ከግድግዳው 7 ሜትር ርቆ በብረት ቋት ላይ ከመሬት ከፍ ብሎ ተደርድሯል። ጋሼ አሸንዳውን በየሦስት ወሩ ያጸዳሉ፤ ቀኑን በሩ ጀርባ በእርሳስ ይጽፋሉ።

ዛፉ ቆሟል። በዚያው ምሽት በአጥሩ ላይ አብረን ቆጠርን። አንድ ጉንዳን አለፈች፤ ትልቅ፣ ጥቁር፣ ብቻዋን። ተከተልናት። ጋራዡን አልፋ ወደ አበባዎቹ ወረደች። ጋሼ ቀኑን ከአሸንዳው ቀኖች ሥር ጻፉና አጠገቡ «1» አሉበት።